እምቢ ያልኳት መሥራች አባል

ይህ ነገር የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ እዚሁ ጁባ ውስጥ ነው። አሁንም ሥራ ላይ ሆኜ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ እንዳጎነበስኩ ድንገት ትዝ ይለኝና ፊቴ ይሞቃል። ግማሹ እፍረት ነው፤ የሚበልጠው ግን ምስጋና ነው። ለማንም በዝርዝር ተናግሬው አላውቅም። እስኪ ዛሬ ልጻፈው።

ዓለምነሽ እባላለሁ። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሙኑኪ የሚባለው ሰፈር፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። የምኖረውም እዚያው አቅራቢያ፣ ማማ ኪደን የሚባሉ የአገሩ ሴት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ነው። ከሥራዬ በተጨማሪ የእድራችን ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ የሆንኩት ደግሞ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እስክሪብቶ ይዤ የተገኘሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው።

ያኔ እድራችን ምንም ወረቀት አልነበረውም። አንድ ደብተር፣ አንድ ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበሮችና ሁለት ትልልቅ ድስቶች ነበሩን። ሊቀመንበራችን አቶ ደምሰው ናቸው። ጁባ ታውን ገበያ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ሰው ሲሞት እሳቸው ይደውላሉ፣ እኔ እመዘግባለሁ፣ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ። ለዓመታት በዚህ ዓይነት ቆየን። ፈቃድ ያስፈልገናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ለቅሶ ለመድረስ ማን ፈቃድ ይጠይቃል?

ከዚያ አንድ ወጣት ሞተብን። ሴራሚክ አንጣፊ ነበር፤ ጁባ ከመጣ ዓመትም አልሞላው። ወባ ነው የገደለው። እዚህ አገር አንድም ዘመድ አልነበረውም። አቶ ደምሰውና እኔ ሬሳውን ልንረከብ ሆስፒታል ሄድን።

«ምኑ ናችሁ?» አሉን የሆስፒታሉ ሠራተኞች።

«እድሩ ነን።»

«ምንድን ነው እሱ? ድርጅት ነው? የምዝገባ ወረቀት አላችሁ? ማኅተምስ?»

አንዱም አልነበረንም። የሰዎቹን ፊት ሳየው ክፋት የለበትም። ሬሳ ለመጣ ሁሉ አይሰጥም፤ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን አልሰጥም ነበር። እኛ ግን ስድስት ቀን ተመላለስን። የልጁ እናት ከአገር ቤት በየቀኑ ይደውሉልኝ ነበር። አያለቅሱም። «ልጄ ዛሬ ይመጣል ወይ?» ብለው ብቻ ይጠይቁኛል። «ነገ ነው እማማ» እላቸዋለሁ። ስድስት ጊዜ ነገ አልኳቸው። በመጨረሻ የልጁ አሠሪ ከሄደበት ክፍለ ሀገር ተመልሶ ፈረመልንና ላክነው።

ከአየር ማረፊያ ስንመለስ አቶ ደምሰው መኪናቸውን ዳር አስይዘው አቆሙ። መሪውን እንደጨበጡ፣

«ከእንግዲህ እንዲህ አይሆንም» አሉኝ። «በሕግ እንመዝገብ። ዓለምነሽ፣ ያን ወረቀት አንቺ አውጪው።»

«እሺ» አልኩ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው እሺ ያልኩት።

መጠየቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ የማኅበሩን ስም ማስያዝ ያስፈልጋል ተባለ። ከዚያ መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሥራቾች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የእያንዳንዱ መሥራች የመታወቂያ ኮፒና ጉርድ ፎቶ፣ ከዚያ ደግሞ አድራሻ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከሰፈሩ አስተዳደር። ስሙን አስያዝኩ። የተያዘው ስም የሚቆየው ግን ሠላሳ ቀን ብቻ ነው፤ ካለፈ ሁሉም ነገር እንደገና ይጀመራል።

ሠላሳ ቀን ብዙ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን አንድ አንጋፋ አባላችን በጠና ታመው ተኝተው ነበር። ማንም በአፉ አላወጣውም እንጂ፣ በተገናኘን ቁጥር ስለ ወረቀቱ የምንጠያየቀው የሳቸውን ነገር እያሰብን ነበር። (ደግነቱ ድነው ዛሬም በስብሰባ ላይ ከሁሉ አስቀድመው የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።)

ያስቸገረኝ መተዳደሪያ ደንቡ ነው። በእንግሊዝኛ መሆን አለበት። በሕይወቴ ደንብ ጽፌ አላውቅም። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ስልኬ ላይ የሌላ አገር በጎ አድራጎት ድርጅት ደንብ አገኘሁ። ሃያ ምናምን ገጽ ነው። የድርጅቱን ስም እያጠፋሁ የኛን ተካሁ፤ አንዳንድ ቦታ አነበብኩት፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ደከመኝና ዘለልኩት። አሳትሜ፣ በፕላስቲክ ክላሰር አድርጌ፣ ከአቶ ደምሰው ጋር ወደ ምዝገባ ቢሮው ሄድን።

የተቀበሉን ኃላፊ ቀጭን፣ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። ባለጉዳዩ ሁሉ «ኡስታዝ» ይላቸዋል፤ እዚህ የተማረ ሰው እንደዚያ ነው የሚጠራው። ደንባችንን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ማንበብ ያዙ። ሰው እንደዚያ ያነባል ብዬ አልጠበቅኩም። አንድም መስመር አልዘለሉም። እኔ የዘለልኩት ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ ይለኝ ጀመር።

አንድ ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«አንቀጽ አሥራ አራት» አሉ በእንግሊዝኛ። «‹ማኅበሩ በድርቅ ወቅት ግመሎችን ያስከትባል› ይላል። ግመሎቻችሁ የት ነው ያሉት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አቶ ደምሰው እንግሊዝኛ ብዙም አይሰሙም። «ምን አሉ?» ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ።

«ግመል አሉ።»

«የምን ግመል?»

«የኛ።»

አቶ ደምሰው ወደ ኃላፊው ዞረው በሙሉ ቁም ነገር፣ በአረብኛ፣ ግመል እንደሌለን አረዷቸው። በዚህ ጊዜ ኡስታዝ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ የነበረችው ጸሐፊም ሳቀች። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁትም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ሳቁ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም።

ኡስታዝ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ክላሰሩን ዘግተው ወደ ጎን አደረጉት። አባረሩን ብዬ ልነሳ ስል፣ «ቁጭ በይ» አሉኝ። «ይህን ተይው። ይህ የናንተ አይደለም። እናንተ የምትሠሩት ምንድን ነው? እሱን ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ሰው ሲታመም እንጠይቃለን፤ ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ምግብ እናበስላለን፣ ከቤተሰቡ ጋር እንቀመጣለን፤ ሬሳ ወደ አገር መላክ ካለበት እንልካለን፤ እዚህ የሚቀበረውንም እንቀብራለን። ስለ ስድስቱ ቀንም ነገርኳቸው። ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ።

«እንግዲያው ይህንኑ ጻፊ» አሉኝ። «አራት ገጽ ይበቃል። ዓላማችሁን ጻፊ። አባል ማን መሆን እንደሚችል ጻፊ። መሪ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚወርድ ጻፊ። እናንተ ስትጣሉ ማን እንደሚዳኝ፣ ማኅበሩ ቢፈርስ ንብረቱ ለማን እንደሚሆን ጻፊ። ሰው ሲጀምር ስለ መፍረስ ማሰብ አይወድም፤ አጣልቶ ፍርድ ቤት የሚወስደው ግን እሱ ነው።» እርሳስ አንስተው አንድ በአንድ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ያቺን ወረቀት እስካሁን አልጣልኳትም።

ከዚያ የመሥራቾችን ዝርዝር አዩ። ዘጠኝ ስም ነበር።

«ሁሉም የውጭ ዜጎች ናችሁ» አሉ። «እንዲህ አይሆንም። ከመሥራቾቹ ቢያንስ ሁለቱ የዚህ አገር ሰዎች መሆን አለባቸው። እንደዚያ አድርጋችሁ ስትመጡ እመዘግባችኋለሁ። ማፊ ሙሽኪላ።»

ችግር የለም ማለታቸው ነው። እኔ ግን ከቢሮው ስወጣ ችግሩ ታየኝ።

አቶ ደምሰው ቀላል ነው አሉ። «ሁለት ሰው ፈልጊና አስፈርሚ። የሚፈለገው ስማቸው ነው፤ ሌላ ምን አለው።» አንደኛዋን ወዲያው አገኘሁ፤ ማማ ኪደን አሉ። ሁለተኛዋም ትዝ አለችኝ። ችግሩም እሷ ጋ ነው።

ኛቦል ትባላለች። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ያደገችው ግን በስደት ኢትዮጵያ ውስጥ፣ መጀመሪያ ጋምቤላ በኋላም አዲስ አበባ ነው። አማርኛዋን ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትሰሚው የመርካቶ ልጅ ናት የምትዪው። ወደ አገሯ ከተመለሰች ወዲህ አማራት ሰፈር አንድ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። የኢትዮጵያ ሰው በሞተ ቁጥር ከሥራ በቀጥታ፣ የባንክ ልብሷን እንደለበሰች ትመጣለች። እጅጌዋን ሰብስባ ድስት ታጥባለች፣ ሰው ታስተናግዳለች፣ ሲመሽባት በቦዳ፣ በሞተር ታክሲ፣ ትሄዳለች።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ልጇን ለወባ ምርመራ ክሊኒካችን አምጥታው ነበር። ውጤቱን ስሰጣት፣ «ዓለምዬ፣ እባክሽ እድሩ ውስጥ መዝግቢኝ» አለችኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ቅር እንዳይልሽ ኛቦል፤ እድሩ የኢትዮጵያውያን ነው። ደንባችን አይፈቅድም።»

አልተከራከረችኝም። «ገባኝ» አለችና ልጇን አዝላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቀርታ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አልቀረችም። በሚቀጥለውም ለቅሶ መጣች፤ ድስት አጠበች።

አሁን እንግዲህ የምለምናት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ቀላሉን ልጨርስ ብዬ ማማ ኪደን ጋ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ባሚያ እየከተፉ ለማድረቅ በሰፊ ሰፌድ ላይ ያሰጣሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በተሰባበረ አረብኛዬ አስረዳኋቸው። ፊርማ ብቻ ነው፣ ምንም ነገር አይደርስብዎትም፣ ለማኅበሩ አድራሻም የእርስዎን ግቢ ብናደርግ፣ አልኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ያ ዶክቶራ» አሉኝ። ዶክተር እንዳልሆንኩ ብነግራቸውም አይሰሙኝም። «እናንተ የሞተ የምትቀብሩ ሰዎች ናችሁ፤ አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እኔ ስሞት ትመጣላችኋ?»

ስለሳቸው ፊርማ እንጂ ስለሳቸው ሞት አስቤ አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን ባሚያውን እየከተፉ የጠየቁኝ ልክ ዝናብ ይመጣል ወይ ብለው እንደሚጠይቁት ነው። ዝም ስላቸው ቢላዋውን አስቀምጠው አዩኝ።

«እንመጣለን ማማ» አልኳቸው።

«በቃ እፈርማለሁ።»

ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ቃል የገባሁት ማንንም ሳላማክር ነው። ማታውን ሳስበው ግን ቃል መግባቴ ሳይሆን ያሳፈረኝ፣ ከመግባቴ በፊት ማመንታቴ ነው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት አማራት ሄድኩ። ኛቦል ከባንኩ ወጥታ አገኘችኝ። በሩ ፊት ለፊት ያለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቆመን ሁሉንም ነገርኳት፤ ስድስቱን ቀን፣ ቢሮውን፣ ግመሎቹን። በግመሎቹ ሳቀች። ከዚያ ሁለት የአገር ሰው እንደሚያስፈልግ ስነግራት ሳቋን አቆመች። የመጣሁበት ገባት።

«ለፊርማ ነው የፈለግሽኝ ወይስ ለአባልነት?» አለችኝ።

እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁ።

«ለፊርማ ከሆነ ወረቀቱን አምጪው፤ አሁኑኑ እፈርምልሻለሁ» አለች። ተቆጥታ አልነበረም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። «የሰው ሬሳ ወረቀት አጥቶ ሲቀመጥ ማየት አልፈልግም። ለአባልነት ከሆነ ግን አንቺ ጠይቀሽኝ አታውቂም። የጠየቅኩሽ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ጋምቤላ እያለን እናቴ እድርተኛ ነበረች። ስደተኛ ናት ያላት የለም። ወንድሜ የሞተ ቀን ድንኳን የተከሉልን፣ ሦስት ቀን አጠገባችን የተኙት እነሱ ናቸው። እዚህ ስመጣ የአገሬ ሰው ‹ሐበሻ› ይለኛል። እናንተ ደግሞ ‹የአገሩ ሰው ነሽ› አላችሁኝ። የት ልሂድ?» አለችና እስክሪብቶዋን ከኪሷ አወጣች። «አምጪው፤ የምሳ ሰዓቴ ሊያልቅ ነው።»

የመሥራቾች መፈረሚያው ወረቀት በእጄ ነበር። ብሰጣት ያን ቀን ይፈረማል፤ የቀረውም ይቀልልኛል። ከሠላሳው ቀን አሥራ ሁለቱ አልፈዋል። ነገር ግን እጄ እምቢ አለኝ።

«ዛሬ አትፈርሚ» አልኳት። «እሑድ ስብሰባ አለን። ከዚያ በኋላ እመጣለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እስቲ እሑድ ይምጣ።»

እሑድ አባላቱ ሲሰበሰቡ ተነስቼ ተናገርኩ። እንዲህ ሰው ፊት ቆሜ ስናዘዝ የመጀመሪያዬ ነው። ኛቦል ከሦስት ዓመት በፊት አባል ልሁን ብላ ጠይቃኝ እንደነበር፣ ማንንም ሳልጠይቅ እምቢ እንዳልኳት፣ አሁን ደግሞ ፊርማዋን ልለምናት እንደሄድኩ ነገርኳቸው።

አቶ ደምሰው ግራ ገባቸው። «ኛቦል? ድስት የምታጥበዋ? አባል አይደለችም እንዴ?»

«አይደለችም።»

«እኔ እኮ አባል እየመሰለችኝ ነው የኖርኩት! ማነው እምቢ በይ ያለሽ?»

«ደንባችን አይፈቅድም ብዬ ነው።»

«የምን ደንብ?» አሉ። «ደንብ መቼ ኖሮን ያውቃል? ይኸው ደንብ ስለሌለን አይደል እንዴ የምንንከራተተው!»

ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን ቁጭ አልኩ። እውነታቸውን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ከበር የመለስኩት በሌለ ደንብ ነው። ያንን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በራሴ ጭንቅላት፣ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ፊቴ ቆማ።

ሁሉም አልተስማሙም። አንድ ሰው ተነስቶ፣ «የአገሩ ሰዎች አባል ከሆኑ ነገ ቁጥራቸው በዝቶ እድሩን ይወስዱብናል» አለ። ክርክር ሆነ። ፍርሃቱ አልገባኝም አልልም፤ በሰው አገር የሚኖር ሰው ብዙ ነገር ይፈራል። አቶ ደምሰው አስጨርሰውት፣ «ምኑን ነው የሚወስዱብን? ለቅሶውን?» አሉ። ከዚያ እጅ ይውጣ ተባለ። አብዛኛው እጁን አወጣ። ተከራካሪውም መጨረሻ ላይ፣ እያጉረመረመ፣ አወጣ። በቃለ ጉባኤው ላይ ስለ አባልነት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጁባ ውስጥ የሚኖር፣ ደንቡን የሚያከብርና ለቅሶ የሚደርስ ማንኛውም ሰው አባል መሆን ይችላል።»

ሰኞ በምሳ ሰዓት ባንኩ በር ላይ ቆምኩ። ኛቦል ስትወጣ የጠየቅኳት ገና ሰላም ሳልላት ነው።

«የእድራችን አባል ትሆኛለሽ ወይ? የምጠይቅሽ እኔ ነኝ።»

«ደንቡን አምጪውና ልየው» አለች። «ግመል የገባበት ደንብ ላይ አልፈርምም።»

ሁለት ማታ የማማ ኪደን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ደንቡን እንደ አዲስ ጻፍነው። የባንክ ሰው ስለሆነች የቢሮ እንግሊዝኛ ታውቅበታለች። እኔ በአማርኛ እላለሁ፣ እሷ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ለማማ ኪደን ደግሞ በአረብኛ ታስረዳቸዋለች። ማማ ኪደን እየሰሙ ሐሳብ ይሰጣሉ። መሪ ከሥልጣን ስለሚወርድበት ሁኔታ ስንጽፍ «የሚሰክር ከሆነ ይውረድ» ብለው አስገቡ። አስገባነው። የሰፈሩ ሹም ጋ ለአድራሻው ደብዳቤ የሄዱትም ራሳቸው ማማ ናቸው። እኔ ብሄድ ስንት ቀን ቡክራ፣ ነገ ነይ፣ እባል እንደነበር አላውቅም፤ እሳቸው በአንድ ጠዋት ማኅተም አስመትተው ተመለሱ።

በሃያ አምስተኛው ቀን ከአቶ ደምሰው ጋር አራታችንም ምዝገባ ቢሮ ሄድን። ኡስታዝ አራቱን ገጽ እንደ በፊቱ አንድ መስመር ሳይዘሉ አነበቡ። ሲጨርሱ ወደ ማማ ኪደን ዞሩ።

«እማማ፣ የሚፈርሙት ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ማንም አላስገደደዎትም?»

«ማን ያስገድደኛል?» አሉ ማማ። «እነዚህ እኔ ስሞት የሚያለቅሱልኝ ሰዎች ናቸው። ለነሱ ደግሞ እኔ አለቅሳለሁ። ይኸው ነው ወረቀቱ።»

ኡስታዝ ወደ እኔ አዩ። «እኔ አራት ገጽ አልኳችሁ። እሳቸው በአንድ መስመር ጨረሱት» አሉና ፈረሙ። የምስክር ወረቀቱን በሳምንቱ ተቀበልን። አቶ ደምሰው በመስታወት አስገብተው መለዋወጫ ሱቃቸው ውስጥ፣ ከዘይት ጣሳዎቹ በላይ ሰቀሉት።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ይበቃኝ ነበር። አላለቀም።

ከሰባት ወር በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የክፍሌ በር ተንኳኳ። ስከፍት አቶ ደምሰው ቆመዋል። ከኋላቸው ሌሎች አባላት አሉ። ማማ ኪደን ጥቁር ሻሽ አስረዋል። ኛቦል ከፊት ናት። እኔ ራሴ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ዓይነት ሰልፍ የስንቱን ሰው በር አንኳኩቻለሁ። ማንም እስኪነግረኝ አልጠበቅኩም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ኛቦል ናት ሁለት እጄን ይዛ መሬቱ ላይ አብራኝ የተቀመጠችው።

«ዓለምዬ፣ እማዬ አርፋለች» አለችኝ።

እናትሽ አላለችም። እማዬ አለች። እናቴን በዓይኗ አይታት አታውቅም።

በረራ የነበረው በማግስቱ ነው። ያን ቀን ሙሉ አልተለየችኝም። ሻንጣዬን ያዘጋጀችው እሷ ናት፤ ፓስፖርቴን ከየት እንዳገኘችው አላውቅም። እህቶቼ ጋ እየደወለች በአማርኛ ታጽናናቸዋለች። ማማ ኪደን በራፌ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያለቅሳሉ። የሚሉት አንዱም ቃል አይገባኝም ነበር፤ ግን ለኔ እናት እንደሆነ አውቅ ነበር። የሚመጣው ሰው ግቢው አልበቃው ብሎ እስከ መንገዱ ተቀመጠ። በዚያ የእሑድ ስብሰባ ላይ እድሩን ይወስዱብናል ብሎ የተከራከረው ሰውዬ ከኛቦል ባል ጋር ድንኳን ሲወጥር በመስኮት አየሁት።

ከአገር ቤት እንደተመለስኩ ይቅርታ ጠየቅኳት። ቀደም ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አፍሬ ነው የቆየሁት። ክሊኒክ ውስጥ ያልኳትን አንድ በአንድ ደግሜ ነገርኳትና ይቅር በዪኝ አልኳት። «እሱን እኮ ረስቼዋለሁ» አለችኝ።

እኔ እንዳልረሳችው አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም። እያስታወሰች ነው ለማያውቋት ሰዎች ለቅሶ የመጣችው፤ እያስታወሰች ነው ልፈርም ብላ እስክሪብቶ ያወጣችው፤ እያስታወሰች ነው ያን ጠዋት ደጄ ላይ ከሁሉ ፊት የቆመችው። የማመሰግናትም ለዚህ ነው።